ቁልፉ ገብቶ አልዞር ሲል፦ የአዳማ ሹፌሮች ምክርና ክርክር

ጠያቂዋ የአዳማ ልጅ ናት፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ነው የምትኖረው። አሮጌ ቪትዝ አላት፣ አውቶማቲክ። ማታ ከሥራ ስትገባ ቤቷ ፊት ለፊት ቁልቁለቱ ላይ አቆመቻት። የፊት ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ተደግፎ አደረ። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትነሳ ቁልፉ ገባ፤ ግን አልዞርም አለ። መሪውም ደርቋል። ወደ ቀኝ ንቅንቅ አይልም፤ ወደ ግራ ትንሽ ይላወስና ይይዛል። አንድ መንገደኛ ፒንሳ ይዞ መጣና በግድ ሊያዞርላት ሲል ፈርታ አስቆመችው። በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የጻፈችው ጥያቄ አጭር ነበር፦ በፒንሳ ይዞር ወይስ መካኒክ ይጠራ?

ይህን ክር፣ ማለትም ጥያቄዋንና ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ የማወራችሁ ነገሩ የብዙዎቻችን ስለሆነ ነው። የመኪና ቁልፍ የሚሰበረው በእንደዚህ ዓይነት ጠዋት ነው። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ልጅ ይነጫነጫል፣ አላፊ አግዳሚው ይመክራል፣ ያኔ እጅ ሳይታወቅ ይበረታል። ትንሽ ዕውቀት ቢኖር ግን አብዛኛው ችግር እዚያው በቆመበት ይፈታል። መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አወራለሁ። ጠቃሚውን ሰፋ አድርጌ፣ ሌላውን እያለፍኩ።

መልስ 1

ሰላምታ አስቀድሞ፣ አይዞሽ ብሎ ነው የጀመረው። ፒንሳው ከአጠገቧ እንዲርቅ መከራት። ቁልፉን እንደ ወትሮው በጣቶቿ ብቻ ይዛ በቀስታ እንድታዞር፣ በዚያው ቅጽበት በሌላው እጇ መሪውን ወደሚላወስበት ጎን እንድትገፋ ነገራት። ዋናው ነገር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ነው። መካኒክ የሚጠራው ይህ ሳይሆን ሲቀር ነው ባይ ነው።

መልስ 2

በክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፤ ምክንያቱን ያስረዳ እሱ ነውና። ቁልፉ ሲነቀል፣ መሪው የሚዞርበት ዘንግ አጠገብ ያለ በስፕሪንግ የሚገፋ የብረት ካስማ ይለቀቃል። መሪው ትንሽ ዞር ሲል ካስማው ዘንጉ ላይ ካለው ቦይ ጋር ይገጥምና ቀጭ ብሎ ይገባል። መሪው ተቆለፈ ማለት ይህ ነው። ቁልፉን መልሰን ስናዞር ያንን ካስማ ከቦዩ እየሳብን ማውጣታችን ነው።

ጎማው ድንጋይ ተደግፎ ካደረ ግን እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ጥምዘዛው በዘንጉ በኩል እስከ ላይ ይደርስና ካስማውን ከቦዩ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። የተጣበቀ ካስማ አይሳብም። ካስማው ካልተሳበ ደግሞ ቁልፉ አይዞርም። ኩንታል የተደገፈበትን በር ስንከፍት መጀመሪያ በሩን በትከሻ ገፋ አድርገን ነው መቀርቀሪያውን የምንስበው። እዚህም እንደዚያው ነው፤ መቀርቀሪያውን መታገል ዋጋ የለውም።

የትኛውን ጎን መግፋት እንዳለባትም በግልጽ ጻፈ። አንዱ ጎን ግንብ እንደመታ ቀጥ ይላል። ያ ካስማው የተጫነበት ጎን ነው፤ እሱን መግፋት ነገሩን ማባስ ነው። ሌላው ጎን ከባድ ቢሆንም ትንሽ ይሰጣል። መገፋት ያለበት እሱ ነው። ጠያቂዋ ራሷ ወደ ግራ ይላወሳል ብላ ስለጻፈች መልሱ በጥያቄዋ ውስጥ ነበር።

መልስ 3

በሁለት መስመር ያለቀ ነው። የሞተር ዘይት በቁልፍ ማስገቢያው ቀዳዳ ጠብ ይደረግበት፣ ይለሰልሳል የሚል።

መልስ 4

ይሄኛው ያለ ሰላምታ ነው የገባው። ለመልስ 3 ልክ ልኩን ነገረው። ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አቧራ እየሳበ ጭቃ ይሆናል። በቁልፉ ቤት ውስጥ ያሉት ነገሮች እንደ ወረቀት የቀጠኑ ትናንሽ ብረቶችና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስፕሪንጎች ናቸው፤ በጭቃው ተይዘው ይቀራሉ። ስለ አዳማ አቧራ ለአዳማ ሰው መንገር አያስፈልግም። በከተማችን ዳር ያሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የሚያሽከረክር ነፋስ በበጋ የመኪና መስኮት ክፍተትም አይምርም።

ደረቅ ነገር ይሻላል አለ፤ ግራፋይት። ዱቄቱ ከጠፋ የለስላሳ እርሳስ ጫፍ ይበቃል። የቁልፉን ጥርሶችና ጎኖች በእርሳሱ ጥቁር እስኪሆኑ ማሸት፣ ማስገባትና ማውጣት፣ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ማሸት። ቁልፉ የሚያወጣው እድፍ እየቀነሰ ሲሄድ ይታያል። ይህን ምክር እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን መሪው በጎማ ተጭኖ ለቆመ መኪና እርሳስም ዘይትም መፍትሔ እንዳልሆነ አልጠቀሰም። ለጠያቂዋ መነገር የነበረበት እሱ ነው።

መልስ 5

ጠያቂዋ ተመለሰች። የመልስ 1ን ምክር ሞክራለች። መሪው ወደ ግራ ይላወሳል፣ ግን አንድ እጇ አይበቃትም፤ ቁልፉም እሺ አላለም። ልጇን በባጃጅ ልካለች። አሁን ጊዜ አላት፤ ፒንሳ የያዘው ሰውዬም ሄዷል።

መልስ 6

እኚህ አባት የጅቡቲን መስመር በከባድ መኪና ሲመላለሱበት የኖሩ ሹፌር ናቸው። ከዚህ በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ሞተር ሳይነሳ መሪ የሚከብደው ኃይል የሚያግዘው ስለሌለ ነው፤ ስለዚህ አቅም አጣሁ ብላ እንዳታዝን ነገሯት። መፍትሔው ሁለተኛ ሰው ነው። የእጅ ፍሬኑ በደንብ ይሳብ። ከመኪናው በታች በኩል፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ማንም አይቁም። ሁለተኛው ሰው መሪውን በሁለት እጁ ወደ ግራ ይግፋና እንደያዘ ይቆይ። መወዝወዝ አያስፈልግም፤ መያዝ ብቻ። እሷ ደግሞ ቁልፉን በሁለት ጣቷ ታዙር። ጣት ያላዞረውን ቁልፍ መሣሪያ ከነካው ግማሹ ውስጥ ይቀራል ሲሉም አስጠነቀቁ።

ላለመድገም መላውንም ጨመሩ። ጎማ ድንጋይ ነክቶ ከቆመ፣ ቁልፉን ከመንቀል በፊት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስና ጎማውን ከድንጋዩ ማላቀቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አውቶማቲክ መኪና ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ላይ ከመግባቱ በፊት የእጅ ፍሬን ይሳብ፤ ያን ጊዜ የመኪናው ክብደት በፍሬኑ ላይ ያርፋል፣ ካምቢዮውም አይጨነቅም።

መልስ 7 እና 8

7 ክሩን ሊያበላሸው ነበር። ሴቶች መንጃ ፈቃድ ከማውጣታቸው በፊት ማቆም ይማሩ የሚል ነገር ወረወረ። 8 ወዲያው አፉን አስያዘችው። የመሪ መቆለፍ ወንድ ሴት እንደማይል፣ ካስማውም የሹፌሩን ፆታ እንደማይጠይቅ ጽፋ፣ መልስ ከሌለው ዝም እንዲል ነገረችው። ጋሼም ከታች መጥተው 8ን ደገፉ። 7 ከዚያ በኋላ አልታየም።

መልስ 9

ጠያቂዋ ደስ ብሏት ጻፈች። ጎረቤቷ በሾፌሩ በኩል ባለው መስኮት ሁለት እጁን አስገብቶ መሪውን ወደ ግራ ገፍቶ ያዘ። እሷ ከጋቢና ሆና ቁልፉን ያዘች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቁልፉ ምንም ኃይል ሳይጠይቅ ዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ጋሼን መረቀቻቸው፣ ጎረቤቷንም አመሰገነች።

ክሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። እውነተኛው ጨዋታ ግን ከዚህ ጀመረ።

መልስ 10

ፍራንኮ አካባቢ የሚሠራ ቁልፍ ቀራጭ ነው። እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ ነገሩ አላለቀም አለ። ቁልፏን በብርሃን እንድታየው ጠየቃት። የጥርሶቹ ጫፎች ሹልነታቸው ጠፍቶ ከተድቦለቦሉ ቁልፉ አልቋል። ያለቀ ቁልፍ ውስጥ ያሉትን ብረቶች ወደ ትክክለኛ ከፍታቸው አያነሳም፤ አንድ ቀን ይዞራል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው ደግሞ ካለቀው ቁልፍ ላይ ኮፒ ያስቀርጻል፤ እሱ ሲያልቅ ከኮፒው ላይ ሌላ ኮፒ። ስህተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። መቀረጽ ያለበት ከመጀመሪያው ቁልፍ ወይም አብሮት ከሚመጣው የቁልፍ ቁጥር ነው። ያች ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ብረት አብዛኛውን ጊዜ የት እንደገባች አይታወቅም። ያላችሁ አስቀምጧት፤ ግን መኪናው ውስጥ አይሁን።

መልስ 11 እና 12

11 ቁልፍ ቀራጩን ገበያ ፈላጊ ነህ ብሎ ዘለፈው። ቀራጩ በ12 ሳይቆጣ መለሰ። እሱ ዘንድ ሳይመጡ በነጻ የሚደረግ ፈተና ሰጠ። ትርፍ ቁልፉን አውጥቶ መሞከር ነው። በትርፉ ከዞረ ጥፋቱ የቁልፉ ነው፤ በሁለቱም ካልዞረ የቁልፉ ቤት ነው፣ ወይም መሪው ተጭኗል። ሁለት ጎኑ አንድ ዓይነት የሆነ ቁልፍ ከሆነ ገልብጦ ማስገባትም አንዳንዴ ይሠራል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ያነሰ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጥግ ድረስ ገብቶ እምቢ ያለ ያረጀ ቁልፍ በጣም ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ ተደርጎ ሲዞር እሺ የሚልበትም ጊዜ አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለበት መኪና ላይ በብረት ብቻ የተቀረጸ ኮፒ መሪውን ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን አያስነሳም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ባትሪ ይጠረጥራል፣ ስታርተር ያስፈታል። ስለዚህ ከማስቀረጽ በፊት ቺፕ እንዳለውና እንደሌለው መጠየቅ ነው። 11 ቆይቶ ይቅርታ ጠየቀ። ይህ በውይይት መድረክ ላይ ብዙም የማይታይ ነገር ስለሆነ ልመሰክርለት ይገባል።

መልስ 13 እና 14

ነገሩ ተገለበጠ። 13 ቁልፉ ይዞራል ግን አይወጣም አለ። 14 አጠር አድርጎ መለሰለት። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ እስከ መጨረሻው ፒ ላይ መግባቱን ያረጋግጥ፤ ትንሽ እንኳ ከጎደለ ቁልፉ አይለቅም። አንዳንድ መኪና ላይ ባትሪው ከሞተም ቁልፉ ይያዛል። ማኑዋል ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ቁልፉን ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ማዞር ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ አጠገቡ የሚጫን ትንሽ ነገር አላቸው። የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ሹፌሩ እየነዳ ሳያስበው ቁልፉን እስከ መጨረሻው መልሶ መሪውን እንዳይቆልፍ ነው።

መልስ 15

የአባዱላ ሹፌር ነው። የ14ን የመጨረሻ ነጥብ ይዞ፣ እንዲያውም በዚህ ምክንያት ሞተር አጥፍቶ በፎሌ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ መውረድ አያስፈራም አለ። ወደ ሶደሬ ሲወርድ ለነዳጅ ብሎ እንደሚያደርገው፣ ቁልፉን ስላልነቀለ ካስማው እንደማይለቀቅ በልበ ሙሉነት ጻፈ። ነዳጅ እንደዚህ በተወደደበት ጊዜ ማን ይፈርድብኛል የሚል መንፈስ ነበረው።

መልስ 16

ጋሼ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ልጄ አላሉም። የጻፉት ከሁሉም ሰፊ ነበር፤ ቁጣቸውም በቃል ሳይሆን በዝርዝር ነው የወጣው። አዎ፣ በብዙ መኪና ቁልፉ ካልተነቀለ ካስማው አይወጣም። ግን ያ የሚሠራው ለጤነኛ የቁልፍ ቤት ነው። ያለቀ የቁልፍ ቤት ቁልፉን በየትኛውም ቦታ ይለቃል። ሞተር እየሠራ ቁልፉ ተነቅሎ የሚወጣባቸው አሮጌ መኪኖች በየጋራዡ አሉ። ቁልቁለት ላይ ቁልፉ ወድቆ መሪው ኩርባ ላይ ቢቆለፍ ማን ያድናል?

መሪውን እንኳ እንተወው አሉ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ያልቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል። ሞተሩ ቢሠራ ማርሹ ራሱ መኪናውን ይዞ ያወርድ ነበር፤ በፎሌ እሱም የለም። ተሳፋሪዎቹ ይህን አያውቁም። ከኋላ የተቀመጠች እናት ሹፌሩ ሞተር አጥፍቶ እንደሚወርድ አልተነገራትም፤ ብትጠየቅም አትፈቅድም።

እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር መልስ 16ን ያንብብ። ወደ ሶደሬ የሚወርደውን መንገድ ስለማውቀው፣ 15ን ሳነብ ሆዴ ነው የተላወሰው። 15 በኋላ የመለሰው አንድ መስመር ነበር፤ መኪናው ጤነኛ እንደሆነ። ክርክሩ ትንሽ ከረረ፤ ከዚያ የመድረኩ ኃላፊ ስድብ ያለባቸውን መልሶች አነሳ።

መልስ 17 እና 18

17 ስለ ቁልፍ ማንጠልጠያ አነሳ። የቤቱን፣ የሱቁን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር አንድ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው፣ መንገዱ ባንገጫገጨ ቁጥር የቁልፉን ቤት እየገዘገዘው ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው በዚህ ምክንያት መሪያቸው ስለተቆለፈ ነው ሲልም ጨመረ።

18 አረመው። የኤሌክትሪክ ማብሪያው ደካማ ስለነበር ቁልፉ በክብደት ወይም በመንገድ ንዝረት በራሱ ይመለስና ሞተሩ ይጠፋ ነበር። የመሪና የፍሬን አጋዥ ኃይል ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይሠራም። የመሪ ቁልፍ ጉዳይ አልነበረም። ኩባንያው በከፈተው የካሳ ፈንድ 124 ሞት ተቀባይነት አግኝቷል። ምክሩ ግን ያው ነው፤ የመኪናው ቁልፍ ለብቻው ይሁን።

መልስ 19

የቁልፉ ቤት ሲያስቸግረው ካስማውን አስቆርጦ እንደገላገለው ጻፈ። አሁን መሪው አይቆለፍም፣ ችግርም የለም ባይ ነው። ከሥሩ ብዙ ሰው ተንጫጫ። አንዱ ታሪክ አነሳ፦ ጄኔራል ሞተርስ ይህን ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1969 ሞዴሎቹ ላይ ሲያስገባ፣ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1970 ግዴታ ስታደርገው ዓላማው ሌባ ሽቦ አገናኝቶ ሞተር ቢያስነሳ እንኳ መሪ እንዳያገኝ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ያረጀ የቁልፍ ቤት ይቀየራል ወይም ይታደሳል፤ መከላከያውን አውጥቶ መጣል ለሌባ ሥራ ማቅለል ነው። ሲቆረጥ የሚቀር ስባሪ ብረት ደግሞ ዘንጉ አጠገብ ከተረሳ፣ መኪናው በሚነዳበት ጊዜ የት እንደሚሰነቀር አይታወቅም።

መልስ 20 እና 21

20 መኪናው በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሳ ነው፤ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም አለ። ተሳስቷል። ብዙዎቹ ባለ መጫኛ መኪኖችም የመሪ ቁልፍ አላቸው፤ ካስማውን የሚስበው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው እንጂ እጅ አይደለም። ጎማው ተጭኖ ከቆመ እነሱም አይነሱም። መፍትሔው ያው ነው፤ መጫኛውን እየተጫኑ መሪውን ወደሚሰጠው ጎን መግፋት። 21 ከዚህ ተነስቶ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ነዳው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ሁላችንም ወደዚያው ነን አለ። ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ብዙ ተባለ፤ እዚህ አልደግመውም።

መልስ 22 እና 23

22 የዘገየ ግን ከባድ ጥያቄ ነው የያዘው። ቁልፉ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ወንድሙ በካቻቪቴ ነው ያዞረው። ቁልፍ ቀራጩ በ23 መጣ። ከሁሉ በፊት የተረፈውን ግማሽ መልሶ እንዳያስገባ ነገረው፤ ስባሪውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሱፐር ግሉ ቀብቶ ማጣበቅም አይሞከር፤ ሙጫው የቁልፉን ቤት ራሱን ይጨርሰዋል። ስባሪው ጫፉ ከታየና ማስገቢያው ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ በቀጭን መጋዝ ምላጭ ጥርስ ተይዞ ሊሳብ ይችላል። ግማሽ መንገድ ዞሮ ከተሰበረ ግን መጀመሪያ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው። ሁለቱም ግማሾች ይቀመጡ፤ አዲሱን ለመቅረጽ ይጠቅማሉ።

ጋሼ ደግሞ ከሥሩ አንድ ነገር አከሉ። መሪው የተቆለፈ መኪና በገመድ አይጎተትም። ከፊት ያለው መኪና ሲታጠፍ ከኋላ ያለው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወይ ቀራጩ መኪናው ያለበት ይምጣ፣ ወይ የፊት ጎማው ተነስቶ በክሬን ይወሰድ።

መልስ 24

የመጨረሻው የባጃጅ ሹፌር ነው። የባጃጁ መሪ ተቆልፎ ሲቆም ቁልፉ እንደሚከብደው፣ በተለይ ዝናብ ካደረ በኋላ እንደሚብስ ጻፈ። ይኸው ዘዴ ይሠራለት እንደሆነ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም። ባጃጅ የምትነዱ ወይም የምትጠግኑ ካላችሁ ግቡና መልሱለት፤ ሰውየው ዳቦውን የሚያገኘው በእሷ ነው።